ድመትን የወፍ በሽታ ሲይዛት

ጥያቄ፦ «በጎንደር ከተማ የሚፈጸም የምርመራ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ግድያም ደምም የለበትም። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ድመት በማጠብና ፀጉራቸውን በማስተካከል የምትተዳደር ሴት ናት። በከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ የሰፈሩ ሰው ታቦት ለማጀብ ሲወጣ ከአንዲት አሮጊት ቤት የብር መስቀልና ድሪ ይሰረቃል። ባለ ሦስት ቀለሙ ወፍራም ድመታቸውም በዚያው ቀን ይጠፋል። በአስተርዮ ማርያም፣ ጥር 21፣ ድመቱ ከስቶና ቢጫ ነገር ተለቅልቆ ይመለሳል። አጣቢዋ ‹ይህ እርድ ነው› ትልና ቅመም ነጋዴ ጎረቤቷን ትይዛለች። የእንስሳት ሐኪም ቢያነበው ይስቅብኛል?»

ምላሽ፦ በአጣቢዋ አልስቅም። እርዱ ጋ ስደርስ ግን ፈገግ ብያለሁ። የሳቅሁትም በራሴ ነው፤ ምክንያቱን ኋላ እነግርዎታለሁ።

አስቀድሜ አንዲት ትንሽ እርማት። ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ በአንድ ላይ የያዘ ድመት ወንድ ሆኖ አይገኝም ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። ቀዩን ወይም ጥቁሩን የሚያዝዘው የዘር ምልክት ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱ ቀለሞች እኩል እንዲወጡ ሁለት ኤክስ ያስፈልጋል፤ ወንዱ ደግሞ ያለው አንድ ነው። ከሺዎች መካከል አንድ ወንድ ብቅ ይላል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ መካን ነው። ስለዚህ ድመትዎን ሴት ያድርጓት። እኔም ከዚህ በኋላ «ድመቷ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ስለ ሴትዮዋ ሥራም አንድ ነገር ልበል። ጎንደር ውስጥ ድመቱን አሳጥቦ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡት የጋሪ ፈረሶች፣ ላሞች፣ በጎችና ውሾች ናቸው፤ ድመት የምትመጣው በዘንቢል ተሸፍና ነው፤ ባለቤቷም «ለድመት ብዬ መምጣቴን ለማንም አይንገሩብኝ» በሚል ፊት ነው የሚቆመው። አንባቢዎ እንዲያምንዎት ሴትዮዋን መጀመሪያ ሹሩባ ሠሪ ቢያደርጓት ደስ ይለኛል። ከውጭ አገር የተመለሰ ቤተሰብ ፀጉረ ረጅም ድመት ይዞ ይመጣል፤ ፀጉሯ ብብቷና ሆዷ ሥር እየተቋጠረ አላበጥር ሲል «አንቺ እጅሽ ለስላሳ ነው፣ እስቲ ፍቺልን» ብለው ያመጡላታል፤ ሥራው በዚያው ይለመዳል። የሹሩባ ቤት ሌላም ጥቅም አለው። ጭንቅላቷን ለሁለት ሰዓት ለሌላ ሰው እጅ የሰጠች ሴት የማታወጣው የጎረቤት ወሬ የለም።

አሁን ወደ ቢጫው እንምጣ።

ድመት ነቅታ ከምታሳልፈው ጊዜ ሩብ ያህሉን የምታጠፋው ራሷን በመላስ ነው። ምላሷ ላይ ወደ ጉሮሮዋ ያዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች አሉ፤ እጅዎን ስትልስዎት እንደ ሞረድ የሚፍቅዎት እሱ ነው። ጤነኛ ድመት የነካትን ዱቄት ለዐሥራ አንድ ቀን ተሸክማ አትዞርም፤ በሰዓታት ውስጥ ልሳ ትጨርሰዋለች። ሌባ ሆነው ቢያስቡት፣ ማስረጃውን ራሷ እያጠበች የምትውል ምስክር ናት። ያ ማስረጃ ይቆይልኝ ካሉ ምላሷ የማይደርስበትን ቦታ ይምረጡ፤ ማጅራቷንና የሁለቱን ትከሻዎች መካከል። እኛም የቁንጫ መድኃኒት ማጅራቷ ላይ የምናንጠባጥበው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሌላ ቦታ ብናደርገው ትልሰዋለች።

እርድ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ደግሞ ባለታሪክዎ ላቦራቶሪ አያስፈልጋትም። አልጫ ወጥ ነጠላዋ ላይ የፈሰሰባትና በልብስ ሳሙና ያሸችው ሴት ሁሉ ይህን ዐይታለች፦ ቢጫው እድፍ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፤ በብዙ ውሃ ሲለቀለቅ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። የእርድ ቀለም እንደ ሳሙናና እንደ አመድ ውሃ ያለ ነገር ሲያገኘው ጠባዩ እንዲህ ነው። እንግዲህ አጣቢዋ እርጥብ ነጭ ጥጥ ወስዳ የድመቷን ማጅራት ትጠርጋለች፤ ጥጡን ሳሙና ላይ ትፈትገዋለች፤ ቅመም ነጋዴዋ በሩ ላይ ቆማ፣ አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ጥጡ አይቀላም። እንዲያውም ጥጡ ላይ ቢጫ ነገር የለም፤ ያለው ግራጫ አቧራ ብቻ ነው።

ቢጫው ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው የራሴን ጉድ የማወጣው።

በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንዲት እማማ ነጭ ድመታቸውን በዘንቢል አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጧት። የጆሮዋ ውስጥ ቢጫ ነው፤ ከዓይኗ በላይ ፀጉሩ የሳሳበት ቦታም ቢጫ ነው። እንደ እርስዎ አጣቢ ዐይቼ ሳልጨርስ ፈረድኩ። «እማማ፣ ጓዳ ገብታ እርድ ላይ ተንከባላለች፤ በለብታ ውሃ ይጠቡልኝ» አልኳቸው። ትክ ብለው ዐዩኝ። «ልጄ፣ እኔ ቤት እርድ ከገባ ዓመት አለፈው። እሷም እህል ከቀመሰች ይኸው ዘጠኝ ቀኗ» አሉ። ያን ጊዜ ነው ከንፈሯን ገልቤ ድዷን ያየሁት። ሮዝ መሆን የሚገባው ድድ የበሰለ ሎሚ መስሏል። የሆዷን ፀጉር ወደ ኋላ ገለጥኩት፤ ፀጉሩ ነጭ፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ቢጫ። አፌን ሳልከፍት እማማ ቀደሙኝ፦ «የወፍ በሽታ ነዋ!» ከዚያም የደነገጡበት ፊት በሳቅ ተፈታ። «ስንቱን ወፍ ስትበላ ኖራ፣ ዛሬ ወፉ ያዛት!»

ያንን ቀን እንደ ትምህርት ቤት ነው የምቆጥረው። ነገሩ እንዲህ ነው። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ ለቀናት ሳትበላ ስትቀር ሰውነቷ የተጠራቀመውን ስብ እየፈታ ወደ ጉበት ይልካል። የድመት ጉበት ደግሞ ይህን ያህል ስብ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድበት አቅም የለውም፤ ስቡ እዚያው ይከማችና ጉበቱ ሥራ ይፈታል። በሐሞት በኩል መውጣት የነበረበት ቢጫ ቀለም ደም ውስጥ ይቀርና ድዷን፣ የዓይኗን ነጭ፣ የጆሮዋን ውስጥና ቆዳዋን ያቀልመዋል። ውሻ ለዚያን ያህል ቀን ቢራብ በአብዛኛው ይከሳል እንጂ እንዲህ አይሆንም። አንድ ሁለት ቀን መራብም ብዙውን ጊዜ ለቢጫነት አያደርስም፤ ሳምንት ገደማና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የሚጎላው።

አሁን የእርስዎን ቀን መቁጠሪያ ይመልከቱት። ከጥር 10 እስከ ጥር 21 ዐሥራ አንድ ቀን ነው። ወፍራም ድመት። ከስታ ቢጫ ሆና መመለስ። ሳያውቁት ትክክለኛውን በሽታ ጽፈውታል፤ የተሳሳቱት ስሙን ብቻ ነው። ስለዚህ እርዱን አይሰርዙት፤ ሰው ሁሉ የተሳሳተበት ግምት አድርገው ያቆዩት።

ከዚህ በኋላ አጣቢዋ ልታስብ የምትችለው ብዙ ነው። ድመቷ ስትዞር አልከረመችም፤ የምትዞር ድመት ከሥጋ ቤት ደጃፍም ከቆሻሻ ገንዳም አንድ ነገር አታጣም። ተዘግቶባት ነበር ማለት ነው። ቢጫ እስክትሆን የተራበች ድመት ደግሞ ሩቅ መንገድ አትሄድም፤ ትደክማለች፣ ትተኛለች። ስለዚህ የተዘጋባት በር ቅርብ ነው፤ ምናልባትም እዚያው ግቢ ውስጥ። ሦስተኛውን ደግሞ እኔ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ድመቷ የተመለሰችበት ቀን በሩ የተከፈተበት ቀን ነው። ሌባው በከተራ ዕለት መስቀሉንና ድሪውን ሊደብቅ በሩን ሲከፍት፣ ድመት እንደ ልማዷ በእግሮቹ መካከል ሹልክ ብላ ገብታለች፤ ቆልፎ ሄዷል። የደበቀውን ሊወስድ በአስተርዮ ማርያም ተመልሶ ሲከፍት ደግሞ ወጥታለች። ጥር 21 ጠዋት ወደዚያ ግቢ ማን መጣ? የልብ ወለድዎ ቁልፍ ጥያቄ ይህ ነው፤ የጠየቀችው ደግሞ ድመቷ ናት።

ይሁን እንጂ ጠንቃቃ አንባቢ ይቆጣጠርዎታል፤ እኔም አንዱ ነኝና ክፍተቶቹን ልድፈን። ክፍሉ የእህል ጎተራ አይሁን። እህል ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ ድመቷ አትራብም፤ ታሪኩም አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል። በብሎኬት የተሠራ፣ አሮጌ አልጋና ሻንጣ የታጎረበት ሰርቪስ ቤት ይሁን። ውሃ ግን የግድ ያስፈልጋታል፤ ያለ ምግብ ዐሥራ አንድ ቀን ትቆያለች፣ ያለ ውሃ አትቆይም። ይህ አያስቸግርዎትም፤ የቧንቧ ውሃ ሁልጊዜ በማይመጣበት ሰፈር ሰርቪስ ቤት ውስጥ በሳፋ የተጠራቀመ ውሃ ማግኘት ማንንም አያስደንቅም። ሳፋው ግማሽ ድረስ ጎድሎ ጫፉ ላይ ፀጉር ተጣብቆበት ቢገኝ ደግሞ የበለጠ እደሰታለሁ።

ጥፍሯንም አይርሱት። ድመት ፊት አምስት አምስት፣ ኋላ አራት አራት፣ በድምሩ 18 ጥፍር አላት። የፊቱን የምታሳላው በመቧጨር ነው፤ ስትቧጭር ያረጀው የላይኛው ልባስ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይወልቅና ከሥሩ አዲሱ ሹል ይወጣል። ተዘግቶባት በር ስትቧጭር የከረመች ድመት እነዚህን ግልባጭ ጥፍሮች እንጨቱ ውስጥ ሰክታ ትታቸዋለች፤ የፊት ጥፍሯ ጫፉ ተሰባብሯል፤ ከሥሩም የበሩ ቀለም ፍርፋሪ ሊገኝ ይችላል። አጣቢዋ ጥፍር ስትቆርጥ የመዳፏን ቆዳ በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ትጫናለች፤ ጥፍሩ ከተሸሸገበት ብቅ ይላል። ውስጡ ሮዝ መስሎ የሚታየው ክፍል ሕይወት ያለው ሥጋ ስለሆነ ከእሱ መለስ ብላ ትቆርጣለች። ያን ጊዜ ነው አረንጓዴዋን ስንጣሪ የምታያት። ይህን ትዕይንት አያሳጥሩት፤ ሙያ የምትታየው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ድመት ስትታመም ራሷን መላስ ትተዋለች፤ ፀጉሯ ይንጨባረራል፣ ይቀባባል። ቅድም ጤነኛ ድመት ማስረጃዋን ልሳ ታጠፋለች ብያለሁ፤ የታመመችው ግን አታጠፋም። የመጨረሻዎቹ ቀናት የሸረሪት ድርና የሲሚንቶ አቧራ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ጥጡ ላይ ያየነው ግራጫም እሱ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ድመቷን ስትረከብ የመጀመሪያው የሙያ ሥራዋ «አላጥባትም» ማለት መሆን አለበት። ጎረቤቶቹ «ታጠቢና ይለይልን» እያሉ ይገፏታል፤ እሷ እንቢ ትላለች። የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ በረሃብ የደከመችን ድመት በጥር ብርድ ውሃ ውስጥ መንከር ሊገድላት ይችላል። ማጅራቷን ቆንጠር አድርጋ ብትለቀው ቆዳው እንደ ድንኳን ቆሞ ይቀራል፤ ያ ፈሳሽ ማጣቷን ይነግራታል። ምናልባት አንድ ደግ ጎረቤት «ፓራሲታሞል ቁራሽ ስጫት» ይል ይሆናል። እባክዎ በታሪኩ ውስጥ አጣቢዋ እጁን ትያዘው። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ አንዲቱ ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። ልብ ወለድ አንብበው ድመታቸውን የሚያክሙ ሰዎች አሉና።

ስለ ዘር ምርመራ ስላልጠየቁኝ አላበዛውም። እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት በተፈጸመ ግድያ፣ ደም የነካው የቆዳ ጃኬት ላይ የተገኘ የነጭ ድመት ፀጉር ተመርምሮ ከተጠርጣሪው ድመት ጋር ተዛምዷል፤ ሰውዬው በ1996 ጥፋተኛ ተብሏል። ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን እንዲህ ላለው ምርመራ ፀጉሩ ሥር ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ላቦራቶሪና ወራትም ይፈልጋል። የእርስዎ መጽሐፍ የሚኖረው በሳፋ ውሃና በልብስ ሳሙና ነው፤ እዚያው ይቆይ።

ሌባው ድመቷ ስትወጣ ቧጭራው ወይም ነክሳው ከሆነ ግን በዋዛ አይለፉት። ክትባት ያልወሰደች ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ነው። ይህ ለምርመራውም ይጠቅምዎታል፤ በጥር 21 ማታ ክንዱን አስሮ ጤና ጣቢያ የተሰለፈ ሰው ለምን እንደመጣ መናገር ይቸግረዋል።

ወደ መጨረሻው ትዕይንት ስንመጣ፣ ተጠርጣሪዎችን ሳሎን ሰብስቦ ጣት መቀሰር የእኛ አይመስለኝም። እኛ አውጫጭኝ አለን። የጠፋ ዕቃ ሲኖር የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን በተራ ያወጣ ነበር። እርስዎ በሽማግሌ ፊት ባያደርጉትም በቡና ላይ ያድርጉት። ድመት ለቀናት ተዘግቶባት ዝም አትልም። ሰው እንዴት አልሰማም? ሰምቷል እንጂ! አንዷ ማክሰኞ ሌሊት ሰምታ «ወንድ ፈልጋ ነው» ብላለች። ሌላዋ የሰርጉ ድንኳን ድምፅ ማጉያ ሲያፏጭ መስሏታል፤ ጥር ነውና በየሰፈሩ ድንኳን አለ። ሦስተኛዋ ልጇን «ድመት አትምታ» ብላ ገርፋዋለች፤ ልጁ ምንም አላደረገም። ከሦስተኛው ስኒ በፊት ሁሉም የሰማበትን አቅጣጫ በእጁ ያሳያል፤ እጆቹ ሁሉ ወደ አንድ አረንጓዴ በር ያመለክታሉ። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ናት ይባላል፤ የድመት ምስክር ግን ሰፈሩ ሁሉ ነው።

ቅመም ነጋዴዋን በነጻ እንዳይለቋት። ማለቴ፣ ይቅርታውን እንዳያሳጥሩት። በጎረቤት ፊት ሌባ የተባለች ሴት «ተሳስቼ ነው» በምትል ቃል አትታረቅም። አጣቢዋ ሽማግሌ ትላክ፤ ደፈር ካሉ ድንጋይ ተሸክማ ትግባ። ነጋዴዋም ወዲያው «ተነሺ» አትበላት፤ ትንሽ ታስጠብቃት።

ድመቷ ትድናለች ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ በጊዜ ከተደረሰላት አብዛኛውን ጊዜ ትድናለች። መድኃኒቷ ምግብ ነው፤ ችግሩ ግን አትበላም። እንድትጠግብ ብለው በአንድ ጊዜ ቢሞሏት ይጎዳታል፤ በሐኪም ክትትል ጥቂት ጥቂት እየተባለ፣ ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴ በቱቦ፣ ለሳምንታት ይሰጣታል። እኔ ያቺን የእማማን ድመት የፈጨሁትን የዶሮ ሥጋ አቅጥኜ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጯ በኩል ስሰጣት ነበር። እማማ ማታ ማታ ራሳቸው ተረከቡኝ፤ ሌሊት እየተነሱ «ውሮ፣ ውሮዬ» እያሉ ሰጧት። ሦስት ሳምንት ሆነን። ጆሮዋ ውስጥ ሮዙ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ በአፏ ግን ምንም አልነካችም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እማማ ነበሩ፤ ዘንቢሉን አልያዙም፤ ፊታቸው ተቆጥቷል። ለፋሲካ ብለው ገመድ ላይ የሰቀሉትን ቋንጣ ሌሊት አውርዳ በልታዋለች፤ ለእኔ ሊከሷት መምጣታቸው ነው።